የጎደለችው ገጽ

በአልፍሬድ ሂችኮክ «ኖርዝ ባይ ኖርዝዌስት» ፊልም ውስጥ ሱፍ የለበሰ አንድ የከተማ ሰው ከአውቶብስ ወርዶ ገላጣ ሜዳ መሃል ብቻውን ይቆማል። ፊልሙ የ1959 ሥራ ነው፤ ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፣ ዓ.ም. ያልኩበት ቦታ ግን የእኛ ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል። አስፋልቱ ከአድማስ እስከ አድማስ ተዘርግቷል። ሰውየው ቀጠሮ አለው፤ መኪና ይመጣል፣ ያልፋል፤ ሌላው ይመጣል፣ አቧራ አልብሶት ይሄዳል። ለደቂቃዎች ምንም አይሆንም። ሙዚቃ እንኳ የለም። ሂችኮክ ይህን ያደረገው ሆን ብሎ ነበር። በዘመኑ ፊልም ሰው ሊገደል ሲል ሌሊት ይሆናል፤ መንገዱ ይጠባል፣ ድንጋዩ ይረጥባል፣ ከመስኮት ጀርባ ፊት ያጮልቃል። እሱ ጨለማውን በሙሉ አነሣና ሞትን በቀትር አመጣው።

አፋር ውስጥ፣ ሰመራ ላይ ሆኖ ይህን ትዕይንት የሚያይ ሰው ሜዳውን ያውቀዋል። ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ተነሥቶ በገዋኔና በሚሌ በኩል ሰመራን አልፎ ወደ ጋላፊ የሚወርደው መንገድ፣ የአገሪቱ ነዳጅና ሸቀጥ ከጅቡቲ የሚወጣበት መንገድ፣ ብዙው ክፍሉ እንዲህ ያለ ነው። የሚመጣ መኪና ገና ሩቅ ሳለ በሙቀቱ ውስጥ ሲርገበገብ ይታያል። ደገኛ ሰው አደጋን ከገደልና ከጫካ ጋር አያይዞ ያድጋል፤ ቆላው ግን ሌላ ነገር ያስተምራል፤ ሁሉም ነገር ፊት ለፊት እየታየ ሰው ሊጠፋ ይችላል። በፊልሙ ውስጥ ከሰማይ ወርዳ ሰውየውን የምታሳድደው ትንሽ አውሮፕላን በመጨረሻ ሄዳ የምትላተመው ከነዳጅ ቦቴ ጋር ነው። በዚሁ መንገድ፣ ሎጊያ ላይ መኪናውን አቁሞ ሻይ የሚጠጣ የቦቴ ሾፌር ያን እሳት ቢያይ እንደ ሩቅ አገር ተረት አያየውም።

ከትዕይንቱ ውስጥ እኔን አጥብቆ የሚይዘኝ ግን አውሮፕላኗ አይደለችም። ከመንገዱ ማዶ አንድ የአገሬው ሰው አውቶብስ ይጠብቃል። ባለ ሱፉ ይሻገርና ያነጋግረዋል። ሰውየው ቁጥብ ነው፤ ሆኖም አንድ ነገር ታዝቧል፤ ያቺ አውሮፕላን ሰብል በሌለበት መሬት ላይ መድኃኒት ትረጫለች። ይህን ተናግሮ አውቶብሱ ላይ ይወጣል፣ ይሄዳል። በዚያች ሰዓት ለባለ ሱፉ ሕይወት ከዚህ የሚበልጥ ዕውቀት አልነበረም፤ የሰጠው ደግሞ ስሙን የማያውቀው መንገደኛ ነው። አፋሮች ለዚህ ሥርዓት አላቸው፤ ዳጉ ይሉታል።

ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ በሰላምታ ብቻ አይተላለፉም። ቆም ብለው፣ ብዙ ጊዜም ጥላ ፈልገው ተቀምጠው፣ ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ። ዝናብ የት ጣለ? ሣሩ በየት በኩል ነው? ከብቱ ምን ነካው? ማን ታመመ፣ ማን ሞተ? መንገዱ ሰላም ነው ወይ? አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል፤ ከዚያ ተራው ይዞራል። በዐይን የታየው ከተሰማው ተለይቶ ይነገራል፤ የተሰማው ደግሞ ከማን እንደተሰማ ይጠቀሳል። የሰማ ሰው ቀጥሎ ለሚያገኘው የማድረስ ግዴታ አለበት። ያወቀውን የሸሸገ፣ ያላየውን አየሁ ያለ፣ በሰው ፊት ይዋረዳል። ይህ ሥራ ፈትቶ የሚወራ ወሬ አይደለም፤ ከብቱን ይዞ ውሃና ግጦሽ ተከትሎ ለሚጓዝ ሰው አንድ የተሳሳተ ቃል መንጋ ያስጨርሳል። ስልክ በየኪሱ ከገባ በኋላም ዳጉ አልቀረም፤ በስልኩም ይደረጋል።

ሂችኮክ የጥበቡን ምስጢር ለፈረንሳዊው ዳይሬክተር ለፍራንሷ ትሩፎ በ1962 ሲያስረዳ የተጠቀመበት ምሳሌ ዛሬ ፊልም የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ተራ ነገር ያወራሉ። ከጠረጴዛው ስር ቦምብ አለ። ተመልካቹ ካላወቀና ቦምቡ ድንገት ከፈነዳ ትርፉ ጥቂት ሰከንዶች የሚቆይ ድንጋጤ ነው። ቦምቡ ሲቀመጥ ተመልካቹ ካየ፣ የሚፈነዳበትን ሰዓት ካወቀና ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሲቆጥር ከተመለከተ ግን ያ ተራ ወሬ ሙሉ በሙሉ ይለወጣል። ሁለቱ ሰዎች ስለ ምንም ነገር ያውሩ፣ ተመልካቹ በወንበሩ ላይ መቀመጥ ያቅተዋል። የሥነ ጽሑፍ መምህሮቻችን ልብ ሰቀላ የሚሉት ይህን ነው።

ምሳሌው ሲጠቀስ አብዛኛው ሰው የሚያተኩረው ቦምቡና ሰዓቱ ላይ ነው። ለእኔ ዋናው ነገር ሌላ ቦታ ያለ ይመስለኛል። ተመልካቹን የሚያሠቃየው ማወቁ ብቻ አይደለም፤ አውቆ መናገር አለመቻሉ ነው። በየከተማው ቪዲዮ ቤት ያደገ ሰው ይህን በጆሮው ሰምቶታል። አግዳሚው ሞልቶ፣ ዋናው ተዋናይ በር ሊከፍት እጁን ሲዘረጋ፣ ከኋላ በኩል አንዱ «ዞር በል! ከኋላህ ነው!» ብሎ ይጮኻል። ሌላውም ይቀበለዋል። የሚጮኸው ሰው ፊልም መሆኑን አላወቀም ብሎ የሚስቅበት ሰው ይሳሳታል። ሰው ዕውቀት ሲይዝ ዕውቀቱ ከአንደበቱ መውጣት ይፈልጋል፤ የሚያድን ዕውቀት ሲሆን ደግሞ ግዴታ ይሆንበታል። ልብ ሰቀላ የታሰረ ዳጉ ነው። ሂችኮክ ተመልካቹን የሚያይ፣ የሚያውቅና የሚወድ ያደርገውና የሚነገርበትን መንገድ ብቻ ይዘጋበታል።

እሱ ራሱ ይህን እንደሚያውቅ አንድ ፊልሙ ይመሰክራል። በ1956 በሠራው «ዘ ማን ሁ ኒው ቱ መች» ውስጥ አንዲት እናት ለንደን ሮያል አልበርት አዳራሽ ውስጥ ቆማለች። ኦርኬስትራው እየተጫወተ ነው። በሙዚቃው ውስጥ የነሐስ ሳሕኖች የሚጋጩበት ቅጽበት ሲደርስ ነፍሰ ገዳይ ተኩሶ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ሊገድል ነው፤ ቅጽበቱን የምናውቀው እኛ ነን፣ እሷ ግን ሰው ሊገደል መሆኑን ታውቃለች፤ ብትናገር የታገተ ልጇ ይገደላል። ለረጅም ደቂቃዎች ቃል የለም፤ ሙዚቃው፣ ፊቷና በመጋረጃ መሃል የሚወጣ የሽጉጥ አፈሙዝ ብቻ። በመጨረሻ፣ ሳሕኖቹ ሊጋጩ ሲሉ፣ ትጮኻለች። ጥይቱ ዒላማውን ይስታል። የቪዲዮ ቤቱ ልጅ ሲጮኽ የሚሰማው የለም፤ የእሷ ጩኸት ግን ሰው አዳነ። በሂችኮክ ሥራዎች ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ሰብአዊ ቅጽበት አላውቅም። ሌላው ትዕይንት ሁሉ ዕውቀትን ሲያስር፣ እዚህ ቦታ ላይ ፈታው።

ስለ ልብ ሰቀላ ከአፋር ምድር የሚጽፍ ሰው እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይናገር ማለፍ አይችልም። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ መሬቱ በተደጋጋሚ ተንቀጠቀጠ። መጠናቸው ከ5 በላይ የሆኑ ነበሩባቸው፤ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ። ቤት ፈረሰ፣ መሬት ተሰነጠቀ፣ በዶፈን ተራራ አካባቢ እንፋሎት ከምድር ፈልቆ ወጣ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቀዬውን ለቆ ወደ መጠለያ ሄደ። ምክንያቱ ይታወቅ ነበር። በፈንታሌና በዶፈን መካከል ቅልጥ ዐለት ከምድር ስር እየገባ መሬቱን ይገፋው ነበር፤ ሳተላይቶች የመሬቱን መጎበጥና መስመጥ ይለኩ ነበር። ከዚያ በፊትም በ2005 በሰሜን በኩል በዳባሁ ምድር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው መስመር በቀናት ውስጥ ተላቅቃለች፤ በስሩ የገባው ቅልጥ ዐለት ስፋት እስከ 8 ሜትር ደርሶ ነበር።

ከጠረጴዛው ስር ያለው ቦምብ እዚህ ምሳሌ አይደለም። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ግን የለም። የመሬት ተመራማሪው ቦምቡ እንዳለ ያውቃል፣ መቼ እንደሚፈነዳና ይፈንዳ አይፈንዳ አያውቅም። ልጆቿን ይዛ ሜዳ ላይ የምታድረው እናትም ከእሱ ብዙም ያነሰ አታውቅም፤ እግሯ ስር ይሰማታልና። ሁለቱ የሚያደርጉት አንድ ነገር ቀረ፤ ያወቁትን መናገር። የለካው ለመንግሥት፣ መንግሥት ለቀበሌ፣ ያየው ላላየው። በፊልም ውስጥ ጥበቃ የሚያስደስተን ዕዳው የእኛ ስላልሆነ ነው፤ መናገር ብንፈልግ አንችልም፣ ስለማንችልም ነጻ ነን። በሕይወት ውስጥ ግን ያወቀና ያልተናገረ ሰው ነጻ አይደለም። ልብ ሰቀላን የማደንቀው ይህን ልዩነት ይዤ ነው። ልዩነቱን የረሳ ፊልም ሠሪ የሰውን ሥቃይ ሰዓት መቁጠሪያ ያደርጋል፤ የዜና ጣቢያዎች ውስጥም ይህን በሽታ አይቻለሁ።

አሁን ደግሞ ለሂችኮክ ክብር ስለተሠራ አንድ ማስታወቂያ ላውራ። በ2007 ዳይሬክተሩ ማርቲን ስኮርሴዚ ፍሬሸኔት ለተባለው የካታሎንያ አረፋማ ወይን አምራች 10 ደቂቃ ገደማ የሚሆን አጭር ፊልም ሠራ፤ ርዕሱ «ዘ ኪ ቱ ሬዘርቫ»፣ የሬዘርቫ ቁልፍ። ድርጅቱ በየዓመቱ ለገና ሰሞን ትልቅ ማስታወቂያ የማሠራት ልማድ ነበረውና የዚያ ዓመት ተራ የደረሰው ለእሱ ነው። ፊልሙ እንደ ዘጋቢ ፊልም ይጀምራል። ስኮርሴዚ ቢሮው ተቀምጦ፣ የማስታወቂያውን ጽሑፍ ከጻፈው ከቴድ ግሪፊን ጋር እየተነጋገረ፣ ታላቅ ግኝት እንዳገኘ ይናገራል። ሂችኮክ ሳይቀርጸው የቀረ የፊልም ጽሑፍ፣ ሦስት ገጽ ተኩል፣ እጁ ገብቷል። ከመሃሉ አንዲት ገጽ ጠፍታለች። ስኮርሴዚ የተሠሩ ፊልሞችን ከመበስበስ ማዳን እንዳለ ሁሉ ያልተሠራን ፊልምም ማዳን ይቻላል ባይ ነው፤ የሚቀርጸውም እሱ እንደሚቀርጸው ሳይሆን ሂችኮክ ይቀርጸው እንደነበረው ነው።

ከዚያ ትዕይንቱ ይመጣል። የሙዚቃ አዳራሽ፣ ኦርኬስትራ፣ ቀይ ወንበሮች፣ ፀጉረ ወርቃማ ሴት። በሳይመን ቤከር የተወከለው ሰው ከተመልካቾቹ በላይ ባለ አንድ ሰገነት ላይ ቁልፍ ይፈልጋል፤ ቁልፉ አምፖል ውስጥ ነው። ካሜራው ይንሳፈፋል፣ ቫዮሊነኛው ቀና ይላል፣ ግብግብ ይነሣል። ከስር የሚጫወተው ሙዚቃ በርናርድ ኸርማን ለ«ኖርዝ ባይ ኖርዝዌስት» የደረሰው ነው። ጽሑፉ የጎደለበት ቦታ ሲደርስ ፊልሙ ይዘልለዋል፤ ሰዎቹ ሌላ ቦታ፣ ሌላ ሁኔታ ላይ ናቸው። ከመሃል ምን እንደሆነ አይነገርም።

ሦስት ገጽ ተኩሉ በእውነት አልነበረም። ጨዋታው የተጻፈው ለማስታወቂያው ነው። ታዲያ በዳጉ ሚዛን ይህ ምን ይባላል? ያላየውን አየሁ ያለ ሰው ነው? ነገሩን ብዙ አሰብኩበት፤ ፍርዴ ግን እንዲህ ነው። ዳጉ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ምን ሆነ? ከማን ሰማህ? ስኮርሴዚ የመጀመሪያውን ፈጠረ። ሁለተኛውን ግን በፍጹም ታማኝነት መለሰ። እያንዳንዱ የካሜራ እርምጃ፣ እያንዳንዱ ቀለም፣ እያንዳንዱ ፊት ከማን እንደመጣ ይናገራል፤ አንዱንም የራሴ ነው አላለም። በዓለም ላይ በየቀኑ ከሚሠሩት ማስታወቂያዎች ብዙዎቹ የሚያደርጉት የዚህን ተቃራኒ ነው። የሌላውን ሐሳብ፣ የሌላውን ዜማ፣ የሌላውን የካሜራ አያያዝ ወስደው ምንጩን ያጠፋሉ፤ ስለ ዕቃው የሚናገሩት ግን እውነት ሊሆን ይችላል። ከሁለቱ የቱ ነው የሚያሳፍረው? እኔ ምንጭ የሚያጠፋው እላለሁ።

የጠፋችውን ገጽ ደግሞ አልሞላትም። ሊሞላት ይችል ነበር፤ ጽሑፉ ሁሉ ፈጠራ ስለሆነ ገጿን መፍጠር አያቅተውም። ባዶዋን ትቶ ሲዘል ግን ክብር የመስጠት ትልቁን ሕግ አሳየን፤ ያላገኙትን እንዳገኙት አለማስመሰል። ሕጉ አጥንት ለሚያጠኑ ሳይንቲስቶችም ይሠራል። ከዚህ ከሰመራ ብዙም በማይርቀው በሐዳር፣ በአዋሽ ሸለቆ፣ ኖቬምበር 24 ቀን 1974 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዶናልድ ጆሃንሰንና ባልደረቦቹ ያገኟት ድንቅነሽ ከአጽሟ 40 በመቶ ያህሉ ነው የተገኘው። ዕድሜዋ ወደ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው። በአንድ ጎን የተገኘ አጥንት ለሌላው ጎን ፍንጭ ይሰጣል፤ ሳይንቲስቶች በዚህ መንገድ ቁመናዋን ገምተዋል። ነገር ግን የተገኘውና የተገመተው እንዳይቀላቀል መጠንቀቅ አለባቸው፤ ግምቱ ከአጥንቱ ጋር ከተምታታ ሳይንሱ ያበቃል። የድሮ ፊልም የሚጠግን ሰውም ይኸው ሕግ አለበት። ስኮርሴዚ ይህን በወሬ ብቻ አይደለም የሚያውቀው። በ1990 ፊልሞችን ከጥፋት የሚያድን ፋውንዴሽን አቋቁሟል፤ ማስታወቂያውን በሠራበት በዚያው በ2007 ደግሞ በካን የዓለም ሲኒማን የሚታደግ ሌላ ተቋም አስጀምሯል። ከተጠገኑት የመጀመሪያዎቹ መካከል የሞሮኮው «ትራንስ» እና የሴኔጋሉ የጂብሪል ዲዮፕ ማምቤቲ «ቱኪ ቡኪ» ይገኛሉ። በ2017 ከአፍሪካ ፊልም ሠሪዎች ፌዴሬሽንና ከዩኔስኮ ጋር 50 የአፍሪካ ፊልሞችን ለማዳን ፕሮጀክት ተጀመረ። ስለዚህ «ያልተሠራ ፊልም ማዳን» የሚለው ጨዋታ ውስጥ እውነተኛ ሐዘን አለ። የጠፉት ገጾች ብዙ መሆናቸውን የሚያውቅ ሰው ነው የተናገረው።

ጠርሙሱስ? ማስታወቂያው የተሠራው ወይን ለመሸጥ ነው። በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ በብሮድካስት እንዳይተዋወቅ ከልክሏል፤ ስለዚህ ይህ ፊልም ዛሬ በቴሌቪዥናችን እንደ ማስታወቂያ ሊተላለፍ አይችልም። ሰመራ ላይ ደግሞ አዋጅ ባይኖርም አብዛኛው ሰው ሙስሊም ነውና ጠርሙሱ ገዢ የለውም። እኔ ይህን እንደ ጉድለት አላየውም። ዕቃውን ከማይፈልግ ሰው ፊት ሲቀርብ ማስታወቂያ ራቁቱን ይቀራል፤ ብዙዎቹ ምንም አይተርፋቸውም። ይህኛው ተረፈው። ሂችኮክ ራሱ ማክጋፊን ብሎ የሚጠራው ነገር ነበረው፤ ሰዎቹ ሁሉ የሚሯሯጡለት፣ ለታሪኩ ግን ምንነቱ ለውጥ የማያመጣ ዕቃ፤ ሰነድ ይሁን፣ ማይክሮፊልም ይሁን። በ1946ቱ «ኖቶሪየስ» ቁልፉ የሚከፍተው የወይን ማከማቻ ነው፤ ከጠርሙሶቹ በአንዳንዶቹ ውስጥ ያለው ግን ወይን ሳይሆን የዩራኒየም ማዕድን ነበር። ስኮርሴዚ ተገላቢጦሹን አደረገ። የምስጢሩ ሣጥን ሲከፈት የሚወጣው ጠርሙስ ነው። ከፋዩ ድርጅት የልቡ ደረሰለት፣ የሂችኮክን ፊልም የሚያውቅ ሰው ደግሞ ውለታው ሲመለስ አየ። ገንዘብ ጥበብን ሲያበላሽ ብዙ ጊዜ አይተናል፤ እዚህ ግን ገንዘቡ ራሱ ማክጋፊን ሆነ። ቀድሞስ ሂችኮክ ከየት መጣ? ወጣት ሳለ ለንደን ውስጥ ሄንሊ በተባለ የኤሌክትሪክ ገመድ ፋብሪካ የማስታወቂያ ክፍል ውስጥ ሥዕልና ንድፍ ይሠራ ነበር። ሲኒማ የገባውም ለድምፅ አልባ ፊልሞች የጽሑፍ ካርዶችን በመንደፍ ነው። ክብሩ በማስታወቂያ በኩል መመለሱ የወረደበት አይመስለኝም።

ማስታወቂያውን ደጋግሜ ስመለከት ከካሜራው ይልቅ ሙዚቃው ይነካኛል። በርናርድ ኸርማን ለሂችኮክ የ«ቨርቲጎ»ንና የ«ሳይኮ»ን ሙዚቃ ደረሰ፤ በ1956ቱ ፊልም በአልበርት አዳራሽ ትዕይንት ውስጥ ኦርኬስትራውን የሚመራው ሰው እሱ ራሱ ነው። በኋላ ሁለቱ ተለያዩ። የኸርማን የመጨረሻ ሥራ የስኮርሴዚ «ታክሲ ድራይቨር» ሙዚቃ ሆነ፤ ቀረጻውን ጨርሶ በሰዓታት ውስጥ፣ በ1975 የገና ዋዜማ፣ ዐረፈ። ሳውል ባስም እንዲሁ ነው። ለ«ቨርቲጎ»፣ ለ«ኖርዝ ባይ ኖርዝዌስት» እና ለ«ሳይኮ» የመክፈቻ ጽሑፎችን የነደፈው እጅ በስተርጅና ለስኮርሴዚ «ጉድፌላስ» እና «ካዚኖ» ነደፈ። ስለዚህ ስኮርሴዚ ሂችኮክን ያወቀው በሲኒማ ወንበር ላይ ብቻ አልነበረም። አብረውት ከሠሩ ሰዎች እጅ በእጅ ተቀብሎታል። ያየው ለሰማው፣ የሰማው ለቀጣዩ። በማስታወቂያው ላይ አርትዖቱን የሠራችው ከ1980 «ሬጂንግ ቡል» ጀምሮ የስኮርሴዚን ፊልሞች ስታርም የኖረችው ቴልማ ስኩንሜከር ናት፤ የካሜራው ባለሙያ ሃሪስ ሳቪደስ ደግሞ በ2012 ዐርፏል። እነዚህ ስሞች ዝርዝር ሆነው እንዲቀሩ አልፈልግም። ክብር መስጠት ለብቻ የሚደረግ ነገር እንዳልሆነ፣ በመሃል ሰዎች እንደሚያስፈልጉ ያሳያሉ። ከማያውቁት ሰው ቅርጽ መስረቅ ይቻላል፤ ውለታ መመለስ ግን መንገዱን የሚያውቅ ይጠይቃል።

በእኛ አገር ይህ ሰንሰለት ብዙ ቦታ ላይ ተበጥሷል። የፊልም ሽልማታችን ጉማ ይባላል፤ ስሙን የወሰደው ሚሼል ፓፓታኪስ በ1960ዎቹ ዓ.ም. ስለ ደምና እርቅ ከሠራው ፊልም ነው። ስም መስጠት ታላቅ ነገር ነው፤ የሰየሙትን አመሰግናለሁ። ነገር ግን ሽልማቱን በቴሌቪዥን የሚከታተለው ወጣት ፊልሙን የት ሄዶ ይየው? ሰመራ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ ሂችኮክን በስልኩ በአንድ ሌሊት ሊያየው ይችላል፤ «ጉማ»ን ወይም ከእሱ በፊት በ1957 ዓ.ም. የወጣውን «ሂሩት አባቷ ማነው?»ን እንዲሁ በቀላሉ ማየት አይችልም። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ የባንክ፣ የቀለም፣ የዱቄት ማስታወቂያ የሚሠሩ ጎበዝ ወጣቶች አሉ፤ ብርሃናቸው ያማረ፣ አርትዖታቸው የሰላ። ምንጫቸውን ብትጠይቃቸው የውጭ ሰው ስም ይጠራሉ፤ ያንንም አልነቅፍም። ግን ከመካከላቸው አንዱ 10 ደቂቃና ከፋይ ቢያገኝ፣ ከ«ጉማ» አንድ ፍሬም ወስዶ ልክ ፓፓታኪስ ይቀርጸው እንደነበረው ቢቀርጽ፣ ያላወቀውን ቦታ ባዶ ቢተወው፣ ዱቄቱ አይሸጥም ያለው ማነው? ፊልሙን ያዩ፣ በፊልሙ የሠሩ ሰዎች በሕይወት ካሉ ደግሞ ሄዶ አጠገባቸው መቀመጥ አለበት፤ ያየ ሰው ሲያልፍ ዳጉው አብሮት ያልፋል።

የስኮርሴዚ ፊልም መጨረሻ ላይ ትዕይንቱ አልቆ ወደ ቢሮው እንመለሳለን። ስኮርሴዚና ግሪፊን እያወሩ ነው። ካሜራው በመስኮቱ በኩል ወጥቶ ወደኋላ እየራቀ ይሄዳል። ውጪ፣ በሕንጻው ጠርዝና በጣሪያዎቹ ላይ፣ ጥቁር ወፎች ተሰብስበዋል፤ በሂችኮክ የ1963 ፊልም «ዘ በርድስ» ውስጥ እንደተሰበሰቡት። ሰዎቹ ወደ ውስጥ ተዟዙረው ያወራሉ፤ አያዩም። እኛ እናያለን። 10 ደቂቃ ሙሉ የሚያውቀው እሱ ነበር፤ ጽሑፉን ያገኘው፣ ጌታውን ያጠናው፣ ለእኛ የሚያስረዳው። አሁን ያላወቀው እሱ ሆኗል፣ የምናውቀው እኛ ነን። ከሂችኮክ የተቀበለውን ሁሉ ከሰጠን በኋላ ራሱን ጠረጴዛው አጠገብ አስቀመጠና ቦምቡን ለእኛ አሳየን። ፊልሙ በሎጊያ ቪዲዮ ቤት ቢታይ ከኋላ አግዳሚ «መስኮቱን እይ!» የሚል ሰው አይጠፋም፤ አጠገቡ ያለውም ዝም በል አይለውም።